የቡድን ስምና የሰፈር ታሪክ፤ ስለ አራዳ የእግር ኳስ ማኅበሮች

መግቢያ

የከተማን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ቤተ መንግሥቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውንና መንገዱን ነው። ጨዋታ የሚባለውን ነገር ግን የልጆችና የሥራ ፈቶች ጉዳይ አድርጎ ስለሚቈጥረው፣ ብዙ ጊዜ ሳይጠቅሰው ያልፋል። ይሁን እንጂ ሰው በጨዋታ ጊዜ ከማን ጋራ እንደሚሰለፍ፣ በማን ፊት እንደሚሰለፍና ሰልፉንም በምን ስም እንደሚጠራ ያስተዋለ ተመራማሪ፣ በሌላ መዝገብ የማያገኘውን ምስክርነት ሊያገኝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ከተማ ጥንታዊ መካከል፣ አራዳና ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፣ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡት የእግር ኳስ ቡድኖች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ፣ ስማቸው እንዴት እንደ ተለወጠና ይህም ስለ ከተማው ሰው ኑሮ ምን እንደሚያስረዳ መመርመር ነው።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ በባሕር ማዶ ያየሁት ነገር ነው። በአሜሪካ ለትምህርት በቆየሁበት ጊዜ፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። በዚያ አገር ከታላላቆቹ ቡድኖች በታች ሆነው በየአውራጃው ከተማ የሚጫወቱ፣ አነስተኛ ሊግ የሚባሉ ቡድኖች አሉ፤ የጋራ ማኅበራቸውም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። የጨዋታው ጥበብ ከታላላቆቹ የሚያንስ ቢሆንም፣ ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጋራ ተቀምጦ የሚመለከተው የራሱን ከተማ ስም በደረቱ ያጻፈውን ቡድን ነው። ታላላቆቹ ቡድኖች እ.ኤ.አ. ለ2021 ውድድር ከእነርሱ ጋራ የተያያዙትን አነስተኛ ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ሲቀንሱ፣ ቡድናቸውን ያጡት ከተሞች ያጡት ጨዋታን ብቻ አልነበረም፤ በአንድነት የሚሰበሰቡበትን ምክንያትም ጭምር ነው።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ ከተማሪዎቼ ጋራ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስሄድ፣ በእኛስ ከተማ ለዚህ ነገር አምሳያው ምንድር ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ሩቅ አልነበረም።

ስለ ቦታው

አራዳ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ነው። የአራዳ ልጅ ማለት ዓይኑ የተገለጠ፣ ከእንግዳ ጋራ መነጋገር የማይፈራ፣ አዲስ ነገርን ፈጥኖ የሚያውቅ ሰው ማለት ሆኗል። ይህ ትርጉም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት የከተማው ዋና ገበያ የሚቆመው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበረ። የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቃቸውን በዚያ ዙሪያ ከፈቱ፤ የእቴጌ ሆቴልም በዚያው ሰፈር ተሠራ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት ሲከፈት፣ ሕዝቡ ነገሩን ተጠራጥሮ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አወጣለት።

ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከአድዋ ድል ጋራ የተያያዘ ነው። ጦርነቱ የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሰማዕቱ ወርኃዊ በዓል ስለ ነበረ፣ ድሉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋራ አያይዞ ማሰብ በሕዝቡ ዘንድ ጽኑ ልማድ ሆነ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ስሙ የአንድ አጥቢያ ስም ብቻ ሳይሆን የመንግሥትና የድል ስም ጭምር ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ኮረብታ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተነሥቶ እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ሰፊ መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል። ስሙ ከነጻነት በኋላ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለዊንስተን ቸርችል ክብር የተሰጠ ነው። ለእኛ ጉዳይ መንገዱ የሚጠቅመን ሁለት ቦታዎችን ስለሚያገናኝልን ነው። በላይ በኩል ቡድኖቹ የተወለዱበት የቀድሞው ሰፈር አለ። በታች በኩል፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ምሥራቅ ጥቂት እልፍ ሲሉ፣ ቀድሞ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ የነበረው የአዲስ አበባ ስታዲዮም ይገኛል። የአራዳ ኳስ ከሰፈር ወደ ብሔራዊ መድረክ የሄደበትን መንገድ በእግር ለመከተል የሚፈልግ ሰው ይህን ቁልቁለት መውረድ ይበቃዋል።

ከኳሱ በፊት የነበረው ሰልፍ

እግር ኳስ ከውጭ የመጣ ጨዋታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን የመጣው ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም። በልደት በዓል ሰሞን የሚደረገው የገና ጨዋታ በአገራችን እጅግ የቈየ ነው። ጐልማሶች ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው፣ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ እሩር የምትባለውን ድቡልቡል ነገር ወደ ተቃራኒው ወገን ለማሳለፍ ይታገላሉ። ወገኑ የሚለየው ብዙ ጊዜ በሰፈር ወይም በአገር ነው። በዚያም ቀን ሎሌ ከጌታው ጋራ እኩል እንዲጋፋ፣ በግጥምም እንዲነካው የተፈቀደ ነው፤ ጌታውም በጨዋታ በተነገረው ቃል ቂም መያዝ አይገባውም።

ከዚህ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ ሰፈር ከሰፈር ጋራ በሜዳ ላይ መገናኘቱ አዲስ ልማድ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሜዳው የማዕርግ ልዩነት ለጥቂት ሰዓት የሚታገድበት ቦታ መሆኑን ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ኳሱ እንግዳ ቢሆንም የሜዳው ሕግ እንግዳ አልነበረም።

የጨዋታው ቃላትም ይህን ይመሰክራሉ። ጎል፣ ፔናልቲና ኮርና የሚሉት ቃላት ከውጭ እንደ መጡ ቀርተዋል። ግቡን የሚጠብቀው ሰው ግን በረኛ ተባለ፤ በረኛ ማለት የትልቅ ሰው ግቢ በር ጠባቂ ነው። ጨዋታውን የሚያጫውተው ዳኛ ተባለ፤ ይህም የችሎት ስም ነው። አጥቂና ተከላካይ የሚሉት ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ሕዝቡ አዲሱን ጨዋታ ተቀብሎ ያኖረው ከግቢ፣ ከችሎትና ከጦርነት በወሰደው ቋንቋ ነው።

1928 ዓ.ም.

እግር ኳስ በአዲስ አበባ አስቀድሞ የታየው በውጭ አገር ሰዎችና በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ነው። የአርመንና የግሪክ ወጣቶች በየማኅበራቸው ይጫወቱ ነበር። የከተማው ልጆችም አይተው ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋራ በአራዳ አንድ ቡድን መሠረቱ፤ ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት።

የሁለቱን መሥራቾች ስም ቆም ብሎ መመልከት ይገባል። አንደኛው የተጠራው አትናሽ በሚል የሴት ስም ነው። በሕዝባችን ልማድ ሰው በአባቱ ስም መጠራቱ የተለመደ ሲሆን፣ በሴት ስም መጠራት ግን አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው። የሁለተኛው ስም የግሪክ ስም ነው። አራዳን ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን መቆማቸው አያስደንቅም። ገበያው ባንድነት ያሳደጋቸው ልጆች ኳሱንም ባንድነት መሠረቱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንዶች ብቻ ሲጠሩ፣ ሴት የምትታወሰው በአንድ መሥራች ስም ላይ ብቻ መሆኑም ሊታለፍ አይገባውም።

የቡድኑ ስም የተወሰደው ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘመኑን ግን መርሳት አይገባም። ኢጣልያ ጦርነት የጀመረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ የአራዳ ልጆች የአድዋን ሰማዕት ስም ለቡድናቸው ያወጡት የአድዋ ጠላት እንደ ገና በመጣበት በዚያው ዓመት ነው። ይህን ያደረጉት አስበው ይሁን ወይም በልማድ፣ ስሙን የሰማ የከተማ ሰው ሁሉ ድሉን ሳያስታውስ ሊቀር አይችልም ነበር። ቀደም ብለን እንዳየነው ይህ ሰፈር ሲኒማውን የሰይጣን ቤት ብሎት ነበር፤ ኳሱን ግን ለሰማዕቱ ሰጠው። ከዚህ የበለጠ የመቀበል ምልክት ሊገኝ አይችልም።

ስም የተቀማበት ዘመን

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ራሱ እሳት ተለቀቀበት። ወራሪው መንግሥት ነጭንና ጥቁርን የሚለይ ሕግ ካወጣ በኋላ ከተማውንም በዚሁ ሐሳብ ለመክፈል ተነሣ። የአራዳ ገበያ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ፤ የቀድሞው የገበያ ሰፈር ለኢጣልያኖች ንግድና መኖሪያ ታሰበ። ፒያሳ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ይኸው መለያየት ወደ ኳስ ሜዳም ገባ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋራ እንዳይጋጠሙ ተከለከለ፤ ለአገሬው ተወላጆች የተለየ ውድድር ተደረገላቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ስሙን እንዲለውጥ ተገዶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ።

ይህን የተገጣጠመ ስም መርምረን ብንፈታው ዘመኑን ያሳየናል። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የፋሺስት ፓርቲ ምልክት ከሆነው ከጥንት ሮማውያን የበትር ነዶ የመጣ ነው። ውቤ ሰፈር ደግሞ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የተጠራው፣ ኋላ ውቤ በረሃ ተብሎ የታወቀው የአራዳ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ወራሪው ሰማዕቱን አውጥቶ በትሩን አገባ፤ ቦታውን ግን ሊያወጣው አልቻለም። የፋሺስት ምልክትና የኢትዮጵያዊ መኰንን ስም በአንድ ልብስ ላይ ተሰፉ። አንድ ቡድን ሲሰለፍ ከየት እንደ መጣ መነገር ስላለበት፣ ገዥው እንኳ የሰፈሩን ስም ሳይጠራ ሊያሰልፈው አልተቻለውም።

ከዚያ ቡድን ጋራ ያደገ አንድ ወጣት ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ዘፋኝና ገጣሚ የነበሩት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆን፣ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለደ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወተው ለ23 ዓመት ያህል ነው። ቀለም ለይቶ የሚያጫውት ሕግ ምን እንደ ሆነ በወጣትነቱ በሜዳ ላይ ያየው ይህ ሰው፣ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ ሲሆን የወሰደውን አቋም ለመረዳት ይህን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የ1936 ዓ.ም. ውድድር

ነጻነት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለስ ቡድኑም ስሙን መለሰ። የከተማው ሰው ፒያሳ የሚለውን ስም ሳይጠላ እስከ ዛሬ ይዞት ሲኖር፣ ሊቶሪዮ የሚለውን ግን አንድም ቀን ሳያሳድር ጣለው። ይህ ልዩነት ሊጠና የሚገባው ነው። ፒያሳ አደባባይ ማለት ብቻ ስለ ሆነ ማንንም አያዋርድም፤ ሊቶሪዮ ግን የተቀማ ስም ምትክ ነበረ።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። የገቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን። ያሸነፈው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው።

ይህ የአምስት ቡድኖች ዝርዝር የዚያን ዘመን የአዲስ አበባን መካከል ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያሳያል። አራራት የተራራ ስም ነው። አርመኖች እንደ አባት አገር ምልክት የሚያዩት፣ ነገር ግን ከእጃቸው ወጥቶ በቱርክ ግዛት ውስጥ የቀረ ተራራ ነው። ከአርመኖቻችን መካከል ከ1915 እ.ኤ.አ. እልቂት የተረፉ ነበሩባቸው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች የሚባሉት ሙዚቀኞችም ከእነዚሁ ወገን ነበሩ። ስለዚህ በጃንሜዳም ሆነ በሌላ ሜዳ «አራራት» ብሎ የሚጮኽ አርመን የሚጠራው ኳስ ተጫዋቹን ብቻ አልነበረም። ኦሊምፒያኮስ የጥንቱን የኦሊምፒያ ጨዋታ ያስታውሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በፒሬየስ ወደብ የተመሠረተው የግሪክ ታላቅ ቡድንም በዚሁ ስም ይጠራል። ፎርቲቱዶ ጽናትና ብርታት ማለት ነው። የእንግሊዞቹ ቡድን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ስም በቀር ሌላ ስም አልነበረውም፤ በከተማው ሥር የሌለው፣ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ የእንግዳ ቡድን ነበርና። ሚስዮኑም እ.ኤ.አ. በ1951 ተሰናብቶ ሄደ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የፎርቲቱዶ መኖር ነው። ነጻነት ከተመለሰ ሦስት ዓመት አልሞላም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢትዮጵያዊ ከኢጣልያዊ ጋራ በአንድ ሜዳ እንዳይቆም ሕግ ይከለክል ነበር። አሁን ግን አሥራ አንድ በአሥራ አንድ፣ በአንድ ዳኛ ፊት ቆሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ማዘዛቸው ይታወቃል። ያ ትእዛዝ በየቀኑ ኑሮ እንዴት እንደ ተፈጸመ ለማወቅ የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ፣ የ1936 ዓ.ም.ን የውድድር ሰልፍ እንደ አንድ ማስረጃ ሊወስደው ይገባል። እርቅ በአዋጅ ብቻ አይጸናም፤ ሰው ከትናንት ጠላቱ ጋራ በሕግ ተጋፍቶ፣ አሸንፎ ወይም ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሜዳ ያስፈልገዋል።

ይህን ስል ሁሉ ነገር ሰላምና ፍቅር ነበረ ማለቴ አይደለም። ከአምስቱ ቡድኖች አራቱ የውጭ አገር ሰዎች መሆናቸው፣ በገዛ ዋና ከተማው ኢትዮጵያዊው በኳስ በኩል እንኳ አንድ ድምፅ ብቻ እንደ ነበረው ያሳያል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ላይ የወደቀው የደጋፊ ሸክም ከዚህ የመጣ ነው። አንድ የሰፈር ቡድን ሳይሾም የአገር ወኪል ሆነ።

ከማኅበረሰብ ወደ መሥሪያ ቤት

ከዚያ በኋላ ያሉት አሸናፊዎች ስም ሌላ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀይ ባሕር የተባለ ቡድን አሸነፈ፤ በዚያው ዘመን ስለ ኤርትራና ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር በዓለም መንግሥታት ፊት ነበረ። በ1949 የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል፣ በ1950 ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አሸነፈ። ከዚያም መቻል ደጋግሞ ድል አደረገ። መቻል የሚለው ስም በትርጉሙ ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ ጋራ መቀራረቡ ልብ የሚባል ነው፤ ብርታትን ለመግለጽ ከእንግዲህ የባዕድ ቃል አላስፈለገም። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ ሐማሴን በ1955 እና በ1957፣ አካለ ጉዛይ በ1958 አሸነፉ፤ የአውራጃ ስሞች ወደ ዋና ከተማው መዝገብ ገቡ።

ቀጥሎ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ስሞች መጡ። የፖሊስ ሠራዊቱ ኦሜድላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው የገቡበትን የጠረፍ ቦታ ስም የያዘ ነው። የቴሌ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካና የምድር ባቡር ቡድኖች ደግሞ የደመወዝ ከፋያቸውን ስም ያዙ። ቀድሞ ሰውን በአንድ ሰልፍ የሚያቆመው ቋንቋው፣ ሃይማኖቱና ሰፈሩ ነበር፤ አሁን ግን የሥራ ቦታው ሆነ። ይህ የከተማችን ኑሮ በጠቅላላው የተለወጠበት መንገድ ነው። አራራትና ኦሊምፒያኮስም ቀስ በቀስ ከውድድሩ ወጡ፤ ለኋላው ትውልድ የታወቁት እንደ መገናኛና እንደ ምግብ ቤት ነው።

የዚህ ዘመን ከፍተኛ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት በአዲስ አበባ ስታዲዮም ኢትዮጵያ የዓረብ ሪፐብሊክ ኅብረትን፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ከአሠልጣኞቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። የመጨረሻውን ግብ ያገባው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም በዚያው ጨዋታ ግብ አግብቷል። ሁለቱ በኤርትራ የተወለዱ የኢጣልያዊ አባትና የአገር ተወላጅ እናት ልጆች ናቸው። በወረራው ዘመን ሕግ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ወንድማማቾች መወለዳቸው ራሱ እንደ ነውር የሚቈጠር ነበር። ከነጻነት በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አንደኛው የኢትዮጵያ አለቃ ሆኖ ቆመ።

ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ የሆነችው በዚያን ጊዜ ነው። እርሱም ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመራ፣ በዘር መለያየት ላይ የነበረውን አቋም አልለወጠም። የሰፈር ሜዳ ያስተማረው ትምህርት የአህጉር ሕግ ሆነ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስም እንደ ገና ሲለወጥ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ስሞች እንደ ገና ተለወጡ። ትግል ፍሬና እርምጃችን የሚባሉ ቡድኖች በአሸናፊዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ከስሙ ጋራ ተለያይቶ በቢራ ፋብሪካ ስም የተጫወተበት ዘመን ነበረ። በመጨረሻ ግን የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት፤ እስከ ዛሬም በብሔራዊ ሻምፒዮናነት ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ያሸነፈ ቡድን እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ስም ሁለት ጊዜ ወረደ፣ ሁለት ጊዜም ተመለሰ። ሁለቱ ጊዜያት በባሕርያቸው ፈጽመው የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው የባዕድ ገዥ ትእዛዝ፣ ሁለተኛው የአገር መንግሥት ሥርዓት ነው። ስሙን ያቆየው ኃይል ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። እርሱም መዝገብም ሕንፃም ሳይሆን፣ ስሙን በቤቱና በሰፈሩ ሲጠራ የኖረው ደጋፊ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። በአራዳ የቡድን ስም ጌጥ አልነበረም፤ እኛ እነማን ነን ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበረ። አርመኑ በተራራው፣ ግሪኩ በኦሊምፒያ፣ የአራዳ ልጅ በሰማዕቱ፣ ወታደሩ በመቻል፣ ሠራተኛው በፋብሪካው መለሰ። ገዥዎች ይህን መልስ ለመለወጥ በተነሡ ጊዜ ስሙን አስቀድመው መንካታቸው፣ ስም ምን ያህል ኃይል እንዳለው እነርሱም ያውቁ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ይህን ጥናት ዛሬ አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት የአድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው አደባባይ አጠገብ ተመርቋል። ከተማ መለወጡ አዲስ ነገር አይደለም፤ ገበያው ራሱ ከዚህ ቦታ ከተነቀለ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ደጋፊው ስሙን ያቆየው ጎረቤት ለጎረቤት፣ አባት ለልጅ በቃል እያስተላለፈ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ይህ የቃል መዝገብ ገጹ ይበተናል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከሰፈሩ የተነሡትን ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶችንም ጭምር፣ በያሉበት ሄደው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። ልጆች ይጫወቱባቸው የነበሩት ሜዳዎች ስም፣ ልብሱን ማን እንደ ሰፋው፣ ኳሱን ማን እንደ ገዛው፣ ከጨዋታ በኋላ በየት ተቀምጠው ምን እንደ ተባባሉ ተጽፎ ይቀመጥ። ለቤተ መንግሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረው። ለአራዳ ሜዳ ግን ጸሐፊው እኛ ካልሆንን ሌላ የለውም።